የጥንት ሸክላ ንግድ በካርታ ላይ

ዱባይ ጁሜይራ፣ ከቪላዎቹ መሃል፣ በአባሲዶች ዘመን ከኢራቅ ወደ ኦማን የሚያልፉ ነጋዴዎች ያርፉበት የነበረ መንደር ፍርስራሽ አለ። ሻርጃና አጅማን የምትኖሩ ወገኖች በእረፍት ቀን እዩት።

ያኔ ኢራቅ ይሠሩ የነበሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ልባስ ያላቸው ጋኖች ገል ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ጃፓን ተገኝቷል። ይህን በካርታ ለማስፈር መጀመሪያ የገሉ አገር መታወቅ አለበት። ገሉ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አፈሩ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ከየት እንደመጣ ይጠቁማሉ። ቀጥሎ ከየቦታው ከተገኘው ገል ሁሉ ያ ዓይነት ስንት በመቶ እንደሆነ ይሰላል። በቁጥርና በክብደት ቢሰላ ይሻላል፤ አንድ ጋን መቶ ቦታ ሊሰበር ይችላላ!

ሁለት ወጥመዶች አሉ። ካርታው ባዶ የሆነበት ቦታ ንግድ አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ቁፋሮ አልተደረገበት ይሆናል። ደግሞም ጋን ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ለያዘው ነገር ሲባል ነው። ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀስት የሚያሰምሩ ካርታዎችን አልወዳቸውም፤ ዕቃው በስንት እጅ እንዳለፈ ይደብቃሉ።

ራስ አል ኸይማ፣ ዋዲ ሃቂል ውስጥ፣ ጁልፋር የሚባለው ሸክላ መተኮሻ ምድጃዎች ተገኝተዋል። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠራው ይህ ልባስ የሌለው ሸክላ በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ተሠራጭቷል።

የእኛስ? ድሬዳዋ አጠገብ፣ ሐርላ ላይ፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቁፋሮ የቻይና ሸክላ አግኝቷል፤ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር። ወደዚያ የገባው በዘይላ ወደብ በኩል ሳይሆን አይቀርም።