ፀሐይ ላደበዘዘው ቀለም፦ በባሌ ደጋ የፖሊሽ ማሽን አመራረጥ

ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,490 ሜትር፣ ጎባ ደግሞ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ ብርዳም ከተሞች ቢሆኑም፣ የመኪናን ቀለም በዋናነት የሚጎዳው አልትራቫዮሌት የተባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር በመሆኑ፣ ብርዱ ለተሽከርካሪ መከታ አይሆንም። ይህ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው የሰነቴ አምባ በኩል ወደ ደሎ መና የሚመላለስ መኪናም ሆነ አጨዳ አልቆ ሜዳ ላይ የሚቆም የስንዴ ኮምባይነር ቀለሙ ቶሎ ይደበዝዛል።

ጨረሩ የቀለሙን ማያያዣ ሙጫ ቀስ በቀስ ሲሰባብረው ላይኛው ገጽ አመድማ ይሆናል፤ ፖሊሽ ማድረግ ማለትም ይህን የሞተ ገጽ በደቃቅ ፋቂ ቅባት ገፎ ጤናማውን ማውጣት ነው። ስለዚህ ማሽን ከመመረጡ በፊት ምን ያህል የሚገፈፍ ነገር እንዳለ መታወቅ አለበት። የኮፈኑ ጥግ በጥቂት ፖሊሽና በነጭ ጨርቅ ሲታሽ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ቀለሙ ያለ ተጨማሪ ሽፋን የተቀባ ነው፤ ካልያዘ ግን ከላይ ክሊርኮት የሚባል ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለው ማለት ነው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን፣ ይኸውም የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ገደማ ብቻ ነው። ሽፋኑ መላላጥ ከጀመረ ደግሞ መፍትሔው ዳግም መቀባት እንጂ ፖሊሽ አይደለም።

ለሥራው የተዘጋጁት ማሽኖች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። ሮታሪ የሚባለው ቀለሙን የሚያሸውን ስፖንጅ በአንድ እምብርት ላይ ብቻ፣ በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ዙር ያሽከረክራል፤ ፈጥኖ ይገፍፋል፣ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ከቆየ፣ በተለይም በቦዲው ጠርዝ ላይ፣ ቀለሙን ያቃጥላል። ሁለተኛው፣ ድርብ እንቅስቃሴ ያለው ማሽን፣ እየተሽከረከረ ከ8 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ስለሚርገበገብና በአብዛኞቹ ሞዴሎች ሲጫኑት መሽከርከሩን ስለሚቀንስ ለጀማሪ እጅ ይታገሣል። በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ የሚመታው የብረት ግራይንደር ግን ስፖንጅ ቢገጠምለትም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዲያሜትሩ 180 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፖንጅ በ1,000 ዙር ጠርዙ በሴኮንድ 9 ሜትር ያህል ሲሮጥ፣ በ11,000 ዙር ከ100 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ይህም ክሊርኮቱን ከመጨረስ አልፎ ስፖንጁን በጣጥሶ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ሮታሪ ቦታው ወፍራም ገጽ ላይ ነው። የፋይበርግላስ ጀልባዎች ውጫዊ ሽፋን የሆነው ጄልኮት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የክሊርኮትን አሥር እጥፍ ያህል ስለሚወፍር፣ የጀልባ ባለሙያዎች ለክፉኛ ለደበዘዘ ገጽ ሮታሪን ከሱፍ ስፖንጅ ጋር መጠቀማቸው ምክንያት አለው። ያንኑ ምክር ለዘመናዊ መኪና መውሰድ ግን ሽፋኑን መጨረስ ነው።

ከፍታው ማሽኑንም ይነካል። በሮቤ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ በራሱ ማራገቢያ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቶሎ ይግላል፤ ቱርቦ የሌለው ጄኔሬተርም በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ 3 ኪሎዋት የተጻፈበት 2.3 ኪሎዋት ገደማ ቢሰጥ አያስደንቅም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚሠራ ጋራዥ ዋቱ የተጋነነ ማሽን ከሚገዛ፣ ስፖንጁ ሲጫን ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ የሚጠብቅ መጠነኛ ማሽን ገዝቶ በየመሐሉ ቢያሳርፈው ይሻለዋል።

በዚህ መሠረት ለአንድ መኪና ባለቤት የሚስማማው በ220 ቮልት የሚሠራ፣ ፍጥነቱ የሚስተካከልና ርግብግቡ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ድርብ እንቅስቃሴ ያለው ማሽን ሲሆን፣ ሮታሪ የኮምባይነርና የጭነት መኪና ወፍራም ቀለም ለሚያድስ፣ እጁም ለሠለጠነ ባለሙያ የሚገባ ነው። ሁለቱም ሲገዙ ምትክ ስፖንጅ ገበያ ላይ መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ በአቧራ የተሞላ ስፖንጅ በጥሩ ማሽን ላይ ቢገጠምም አዲስ ጭረት ያወጣልና።