ፕሮጀክት አቴና

ፕሮጀክት አቴና በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) እ.ኤ.አ. በ1983 ተጀምሮ በ1991 የተጠናቀቀ፣ ኮምፒዩተርን ለተማሪዎች ትምህርት ለማዳረስ የታቀደ ፕሮጀክት ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽንና አይ.ቢ.ኤም. የተባሉት ኩባንያዎች ተሳትፈውበታል።

አሠራር

ዋናው ሐሳብ ተማሪው በአንድ ማሽን እንዳይወሰን ነበር። የተማሪው ፋይሎች የሚቀመጡት በፊቱ ባለው ኮምፒዩተር ሳይሆን በሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ካሉት የኮምፒዩተር ክፍሎች ወደ አንዱ ገብቶ ሥራውን ካቆመበት መቀጠል ይችላል። የተቀመጠበት ማሽን ቢበላሽም ወደ ሌላው መዛወር ይበቃዋል።

የደህንነት ጥያቄ

ነገር ግን በኔትወርክ የሚያልፍ የይለፍ ቃል በሌላ ሰው ሊጠለፍ ይችላል። ለዚህም ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት ተሠራ። ስሙ በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ውሻ የተወሰደ ነው። በዚህ ሥርዓት የይለፍ ቃሉ ራሱ በኔትወርኩ አይላክም። ሰርቨሩ ከይለፍ ቃሉ በተገኘ ቁልፍ የተመሰጠረ መልስ ይልካል፤ መልሱን መፍታት የሚችለው ትክክለኛውን ቃል የሚያውቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ተማሪው ፋይል ለመክፈትም ሆነ ኢሜይል ለማንበብ የሚያቀርበው የጊዜ ገደብ ያለው «ቲኬት» ነው። ጊዜው ካለፈ ቲኬቱ አይሠራም።

ውጤቶች

ፕሮጀክቱና የተቋሙ የኮምፒዩተር ሳይንስ ላብራቶሪ በጋራ ያስጀመሩት ኤክስ ዊንዶው ሲስተም (1984) በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ መስኮቶችን ለማሳየት ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ኬርቤሮስ ደግሞ የማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ አካል በመሆኑ፣ ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ሳያውቀው በየዕለቱ ይጠቀምበታል።