ተጨማሪ መረጃ፦ ሌባው የሚጠይቀው ቁጥር

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙዎች የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። ታዲያ መተግበሪያውን ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር አውርዶ የሚስጥር ቁጥር ማውጣት ብቻውን ይበቃል? ቁጥሩ ባለ 4 አሃዝ ቢሆን እንኳ 10,000 አማራጭ አለው፤ ደጋግሞ የተሳሳተንም መተግበሪያው ይቆልፍበታል። ስለዚህ ሌባ በግምት ከሚደክም ባለቤቱን ደውሎ መጠየቅ ይቀለዋል፤ «ከባንክ ነው፣ በመልእክት የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚለው ጥሪ የሚመጣው ለዚህ ነው። ያ ቁጥር ሒሳቡን በሌላ ስልክ ለመክፈት ሊያገለግል ይችላልና፣ ጠያቂው ማንም ይሁን ማን አይነገርም። የትውልድ ዓመትን የሚስጥር ቁጥር ማድረግም 10,000ውን ወደ መቶ ያህል ያወርደዋል፤ መታወቂያችንን ላየ ሰው ደግሞ ከሁለትና ሦስት ሙከራ አያልፍም።

«ስልኬ የሚከፈተው በአሻራ ነው፣ ምን ያሰጋኛል?» የሚል ይኖራል። አሻራው የሚጠብቀው ግን ስልኩን እንጂ ሲም ካርዱን አይደለም። ሲሙ ወጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ከገባ የማረጋገጫ መልእክቱም ወደዚያው ይሄዳል። የሲም መቆለፊያን በስልኩ ሴቲንግ ማብራት ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የሲሙን የሚስጥር ቁጥር ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ የሚከፈተው ፐክ (PUK) በሚባለው የመክፈቻ ቁጥር ስለሆነ፣ እሱን አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ያሻል። ስልኩ ከጠፋ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ሲሙን ማዘጋትና ሒሳብ ላለን ባንክ ማሳወቅ ያስፈልጋል።