ኃይለኛ የፕሮስቴት ካንሰር፦ የሚወራውና እውነታው

የአባትን የባዮፕሲ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው ልጅ ነው። ፖስታውን እዚያው ኮሪደር ላይ ይከፍተዋል፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየዘለለ ያነባል፤ «ግሊሰን 4+5=9» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ ትልቁ ቁጥር 10 መሆኑን ያያል። ሐኪሙ ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ወሬው በቤተሰቡ ይዳረሳል። አክስት የሰማችውን፣ ጎረቤት ያየውን፣ አሜሪካ ያለው ወንድም ያነበበውን ይጨምርበታል። በዚያ ሳምንት ከሚወራው ብዙው ስህተት ነው። ስህተቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ መታከም እየቻለ ተስፋ ቆርጦ ይቀራል፣ ሌላው ጊዜ ያለው መስሎት ይዘናጋል።

«9 ከ10 ነው፤ አለቀለት»

ይህ ቁጥር እንደ ትምህርት ቤት ውጤት ከዜሮ አይጀምርም። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያወጣው አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ዶናልድ ግሊሰን ነው። የተወሰደው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የካንሰሩ ሴሎች አደረጃጀት ከጤናማው ፕሮስቴት ምን ያህል እንደራቀ ከ3 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሁለት ነጥቦች ይደመራሉ። ስለዚህ ዛሬ በባዮፕሲ ውጤት ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛው ድምር 6 ነው። 8፣ 9 እና 10 ኃይለኛ ከሚባለው ወገን ናቸው።

አዲሱ አጻጻፍ ደግሞ ይህንኑ ከ1 እስከ 5 ባሉ «ግሬድ ግሩፕ» ያስቀምጠዋል፤ 8 ግሩፕ 4 ይሆናል፣ 9 እና 10 ግሩፕ 5። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ግሩፕ 4» የሚለውን «ስቴጅ 4» ብሎ ያነበዋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ግሬድ የሚናገረው ስለ ካንሰሩ ጠባይ ነው፤ ስቴጅ የሚናገረው እስከ የት እንደደረሰ ነው። ግሊሰን 9 ኖሮት ካንሰሩ ገና ከፕሮስቴቱ ያልወጣ ሰው አለ። የት እንደደረሰ የሚታወቀው በኤምአርአይ፣ በሲቲ ስካንና በአጥንት ስካን ነው። እነዚህ ሳይታዩ ስለ ዕድሜ የሚነገር ግምት ሁሉ፣ ከማንም ይምጣ፣ መሠረት የለውም።

ወደ ሩቅ አካል ካልተዛመተ፣ ኃይለኛውም ቢሆን ለማዳን ታስቦ ይታከማል፤ በቀዶ ሕክምና፣ ወይም በጨረር እና ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት በሚሰጥ የሆርሞን ሕክምና። በእንግሊዝ የተመራው ስታምፒድ የተባለው ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ውጤት አለ። ካንሰራቸው ከፍተኛ ስጋት ያለበት፣ ግን ሩቅ ያልተዛመተ ወንዶች፣ አብዛኞቹ ጨረርም የወሰዱ፣ በሆርሞን መርፌው ላይ አቢራቴሮን የተባለውን ክኒን ለ2 ዓመት ሲጨምሩ፣ ከ6 ዓመት በኋላ ከመቶ 82ቱ በሕይወት ነበሩ፤ ካንሰሩም ወደ ሩቅ አልተዛመተባቸውም። ክኒኑን ሳይጨምሩ ከታከሙት ደግሞ ከመቶ 69ኙ።

አጥንት ውስጥ ገብቶ ከተገኘስ? ያኔ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ነገር ግን መታከም ይቻላል፤ ሕክምናውም ዓመታትን ይጨምራል። ላቲቲዩድ በተባለው ጥናት፣ ገና ሲታወቅ የተዛመተና ኃይለኛ የሆነ ካንሰር ከነበረባቸው መካከል፣ አቢራቴሮን ከጨመሩት ግማሾቹ ከ53 ወር በላይ ኖረዋል፤ ካልጨመሩት ግማሾቹ ከ36 ወር በላይ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ይፋ ያደረጉት ሕመም ከዚህ ወገን ነው፤ ግሊሰን 9፣ ወደ አጥንት የተዛመተ። ካንሰሩ ግን ለሆርሞን ሕክምና ምላሽ የሚሰጥ እንደሚመስል በዚያው መግለጫ ተነግሯል።

«የፕሮስቴት ካንሰር ቀርፋፋ ነው፤ ማንዴላ ስንት ዓመት ኖሩ!»

እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ፣ በ2001 የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸው በጨረር ታከሙ፤ ያረፉት በ2013፣ በ95 ዓመታቸው ነው። እውነት ነው፤ ግን የሳቸው ቀድሞ የተገኘ ነበር። ግሊሰን 6 ላለው ሰው ያለ ሕክምና እየተከታተሉ መቆየት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግሊሰን 9 ያለውን ሰው በዚሁ ምክር ዓመት ማስቀመጥ ግን በደል ነው።

በሌላ በኩል፣ ነገ ጠዋት ካልተቆረጠ ብሎ መጨነቅም አያስፈልግም። ስካኖቹን ለመጨረስ፣ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙንም የጨረር ሐኪሙንም ለማነጋገር፣ የባዮፕሲውን ስላይድ በሌላ ፓቶሎጂስት ለማሳየት ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ፤ ጊዜውም አለ።

«ለሳቸው እንዳይነገራቸው፤ ይደነግጣሉ»

ካንሰር የሚያክሙ ሐኪሞቻችን በጣም የሚያውቁት ልመና ነው። አባት ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ሳለ ልጅ ቀድሞ ይገባል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ዶክተር፣ እባክዎ ለአባባ እንዳይነግሩብን። ዕጢው ትንሽ አብጧል ይበሏቸው።» ከፍቅር የመጣ እንደሆነ ማንም ያውቃል። መርዶን ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚያረዳ ሕዝብ ነን፤ ክፉ ነገርን በድንገት መናገር ነውር ነው። ካንሰር ተገኘ ማለት ግን መርዶ አይደለም። ገና ብዙ የሚወሰን ነገር አለ፤ የሚወስኑትም ራሳቸው ናቸው።

ያልተነገራቸው አባት ምን ያደርጋሉ? ሽንታቸው ሲስተካከልላቸው «ድኛለሁ» ብለው በየ3 ወሩ የሚወጉትን የሆርሞን መርፌ ይተዋሉ። ወገባቸውን ሲያማቸው ብርድ ነው ብለው ያሻሉ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የሰውነታቸውን ክፍል ለሚያስወጣ ቀዶ ሕክምና ምክንያቱን ሳያውቁ ይፈርማሉ። ሸፋፈንነው የምንለውም ምስጢር ብዙ ጊዜ አይሸፈንም። ልጆች በር ዘግተው ሲንሾካሾኩ፣ ሩቅ ያለው ልጅ በድንገት ከውጭ ሲመጣ፣ ዘመድ ሁሉ ሲያዝንላቸው አባት ይገባቸዋል። ገብቷቸውም ለልጆቻቸው ብለው ዝም ይላሉ። ሁለቱም ወገን ለየብቻ ይቃጠላል።

ሐኪሙ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ቢጀምር ብዙ ነገር ይቀልላል። «ሁሉንም ንገረኝ» የሚሉ አሉ፤ «ለልጄ ንገረው፣ እኔ መድኃኒቱን ልውሰድ» የሚሉም አሉ። ሁለተኛውም መብታቸው ነው፤ ዋናው ነገር መጠየቃቸው ነው።

መደበቅ የእኛ አገር ጠባይ ብቻም አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሎይድ ኦስቲን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ለፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ለፕሬዚዳንታቸው እንኳ አልተናገሩም። ቆይቶ ሲታወቅ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ወሬው እንዳናወጣቸውና በተለይ ብዙ ጥቁር ወንዶችን እንደሚያናውጥም ተናገሩ።

«ወንድ ልጅ አይከፋውም» የሚለውም እዚሁ ይነሳ። በስዊድንና በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ምርመራው ከታወቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ ይላል። ሰውየው እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ንብረቱን ሳይጠየቅ ማከፋፈል ከጀመረ፣ «ለናንተ ሸክም ሆንኩ» ካለ፣ በቀስታ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለሐኪሙም መንገር። መጠየቅ ሐሳቡን አይጭርም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይቀልላቸዋል።

«ቢላ ከነካው ይዛመታል»

ይህ አባባል ስንቱን ሰው ከባዮፕሲ አስቀርቷል! የመጣበትን መንገድ መገመት አይከብድም። ሰዎች ሆስፒታል የሚሄዱት ሕመሙ ከገፋ በኋላ ነው፤ ተቀድደው ሲታዩ ቀድሞውኑ ተዛምቶ ይገኛል፤ ከወራት በኋላ ሲያርፉ ጥፋቱ በቢላው ይሳበባል። በባዮፕሲ መርፌ የፕሮስቴት ካንሰር መዛመት እጅግ ብርቅ ነገር ነው። መርፌው የሚያመጣው እውነተኛ ችግር ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን መመለስ ያሻል።

«ሆርሞኑ ከተወሰደ ወንድነቱ አበቃ»

ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ የሚናገር ሰው ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው ቴስቶስትሮን በተባለው የወንድ ሆርሞን ነው። ቻርለስ ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1941 ቺካጎ ላይ ይህን ሆርሞን በመቀነስ ካንሰሩን ማኮሰስ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1966 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። እስከ ዛሬ የሕክምናው ምሰሶ ይኸው ነው። ሆርሞኑን የሚያመርቱት በዋናነት የዘር ፍሬዎች ናቸው፤ ጥቂቱን ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ይሠሩታል። መርፌው የዘር ፍሬዎቹን ሥራ ያስቆማል፤ አቢራቴሮን የቀረውን ምንጭ ይዘጋል።

በእኛ አገር የዘር ፍሬዎቹን በቀዶ ሕክምና ማውጣት እንደ አማራጭ የሚቀርብበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ጊዜ ተደርጎ ያልቃል፤ ለዓመታት መርፌ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል፤ መርፌ ከገበያ ቢጠፋም ስጋት የለም። ካንሰሩን በማስታገስ ከመርፌው አያንስም። ልዩነቱ የማይመለስ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ካንሰሩ ካልተዛመተና ሕክምናው በጊዜ የተወሰነ ከሆነ መርፌው ይመረጣል።

በሁለቱም መንገድ የሚመጣውን ለባልም ለሚስትም አስቀድሞ መንገር ይገባል። የወሲብ ፍላጎት በአብዛኞቹ ላይ በጣም ይቀንሳል። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ይመጣል፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ውፍረት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስሜት ቶሎ ይከፋል። ይህን ያልሰማች ሚስት ባሏ የጠላት ይመስላታል። በጊዜ የተወሰነ መርፌ ከሆነ ሲቆም ሆርሞኑ በብዙዎች ላይ ቀስ በቀስ ይመለሳል፤ በዕድሜ በገፉት ላይ ግን ላይመለስ ይችላል። ድካሙንና የጡንቻውን መሟሸሽ የሚያግዘው ዋና ነገር እንቅስቃሴ ነው፤ በየቀኑ መራመድና ክብደት ያለው ነገር ማንሳት፤ አጥንት ውስጥ ካንሰር ካለ ሐኪም በሚለው ልክ። «ታሟል፣ ይተኛ» የሚለው ደግነት ጉዳቱ ያመዝናል።

«ውጭ ካልሄደ አይድንም»

ቤት ሽጦ ሕንድ ወይም ታይላንድ የሄደ፣ ከተመለሰም በኋላ ለመድኃኒት መግዣ ያጣ ቤተሰብ ያለበት ሰፈር ብዙ ነው። የሕክምናው ምሰሶ ያልኩት የሆርሞን ሕክምና እዚህ ይሰጣል። አቢራቴሮን እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ የመድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎችም ጀምረዋል። ወረፋው ከባድ ነው። ነገር ግን ከጨረር በፊት ለወራት የሆርሞን ሕክምና መጀመር የተለመደ የሕክምናው አካል ነው፤ ወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜ እንዲሁ የባከነ መሆን የለበትም። ይህን ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ጠበልና ሽፈራው ይበቃል»

እምነትን ከመድኃኒት ጋር ማጣላት አስፈላጊ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መክረዋል፤ ምክሩ ለካንሰር መድኃኒትም ይሠራል። የሚያስፈራው መድኃኒቱን ትቶ መቅረት ነው። ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የአምባሾክ ቅጠል የፕሮስቴት ካንሰርን በሰው ላይ እንደሚያድኑ የታየበት ሁነኛ ጥናት የለም። አቢራቴሮን ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በደም ምርመራ ይጠበቃል፤ የሚፈላ ቅጠል የሚጠጣ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር አለበት።

ጾም ለሚጾሙ አንድ ነገር ልጨምር። አቢራቴሮን በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ከምግብ ጋር ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። አብሮት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው። ሰዓቱን ከሐኪሙም ከንስሐ አባትም ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ይቻላል፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ጾም አታስገድድም።

«የሽማግሌ በሽታ ነው፤ ልጆቹን አይመለከትም»

አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመ ሰው ስጋቱ በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ ኃይለኛ ከሆነ ደግሞ ቢአርሲኤ 2 በተባለው ጂን ላይ በዘር የሚተላለፍ ጉድለት ሊኖር ይችላል። ይህ ጉድለት በሴት ልጆች ላይ የጡት ካንሰር ስጋትን ስለሚጨምር ጉዳዩ እነሱንም ይመለከታል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆች የጂን ምርመራውን በቀላሉ ስለሚያገኙ የአባታቸውን ሕመም ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ወንዶቹ ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ ፒኤስኤ ስለተባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ይጠይቁ።

«ፒኤስኤው ወርዷል፤ ድነዋል»

የሆርሞን ሕክምና ሲጀመር ፒኤስኤ በአብዛኞቹ ላይ በወራት ውስጥ በኃይል ይወርዳል። ደስ ይላል፤ ደስ ሊልም ይገባል። መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው እንጂ ካንሰሩ የለም ማለት አይደለም፤ ክትትሉ አይቋረጥም። ጥቂት ኃይለኛ ካንሰሮች ደግሞ ፒኤስኤ ሳይጨምሩ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሰውየው ቢከሳ ወይም አጥንቱን ቢያመው ቁጥሩን ማመን አይገባም።

ቤተሰቡ በሙሉ ማወቅ ያለበት አንድ ድንገተኛ ምልክት አለ። አጥንት ውስጥ የገባ ካንሰር አከርካሪ ላይ ሆኖ ሕብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ሲተኙ የሚብስ አዲስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም መደንዘዝ፣ ደረጃ መውጣት አለመቻል፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት አለመቻል ሲመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል መሄድ፣ «ካንሰር አለባቸው፣ እግራቸው ዝሏል» ብሎ መናገር፣ የአከርካሪ ኤምአርአይ መጠየቅ ነው። በስቴሮይድ፣ በጨረር ወይም በቀዶ ሕክምና ጫናው ሊቀነስ ይችላል። በእግራቸው እየሄዱ የደረሱ አብዛኞቹ መራመዳቸውን ይቀጥላሉ፤ እግራቸው ከከዳቸው በኋላ የደረሱት ግን ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው ተመልሰው የሚነሱት።