በቆላ አገር ስለሚሠራ ቤትና ሙቀቱን ስለ መከላከል

በቆላ አውራጃዎች ለመንግሥት ሥራ፤ ለእርሻ ሠራተኞች ማደሪያና ለእህል ማስቀመጫ ቤት የምታሠሩ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች ሁሉ፤ ገንዘቡ ከመውጣቱ አስቀድሞ ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ማሰብ ይገባችኋል። በደጋ የለመደ አናጢ ወደ ቆላ ወርዶ ሲሠራ የደጋውን ቤት ይደግማል፤ ያ ቤት ብርድን ለመከላከል የታሰበ ስለ ሆነ መስኮቱ ጠባብ፤ ክፈፉም አጭር ነው። በላዩ ቆርቆሮ ሲከደንበት ጸሐፊው በቀትር መዝገቡን ይዞ ወደ ዛፍ ጥላ ይወጣል፤ በጎተራው ያለው እህልም ስለሚሞቅ ነቀዙ ፈጥኖ ይራባል።

አስቀድሞ የሚታሰበው የቤቱ አቀማመጥ ነው። ፀሐይ ጧት በምሥራቅ፤ በሠርክም በምዕራብ ዝቅ ብላ ስለምትታይ ግድግዳውን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ይህንንም ክፈፍ አይመልሰውም። በቀትር ግን ከፍ ያለች ናት፤ ለምሳሌ በድሬዳዋ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም በቀጥታ አናት ላይ ትደርሳለች፤ በመካከሉ ባሉት ወሮች ወደ ሰሜን፤ በቀሩትም ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፤ ጠባቡም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቢሆን፤ አንድ ሜትር ያህል የወጣ ክፈፍ መስኮቶቹን ከቀትር ፀሐይ ይሸፍናቸዋል። በምዕራብ በኩል መስኮት ባይወጣ ይሻላል። መንገዱን ለማየት ሲል በዚያ በኩል ሰፊ መስታወት የሚያስገባ ሹም፤ ከቀትር በኋላ በገዛ ክፍሉ ሊቀመጥበት አይችልም።

ስለ ግድግዳው ግን አንድ ዓይነት ደንብ ለሁሉ ቆላ አይሆንም። ቀኑ እጅግ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በደረቅ አገር፤ ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት በውስጡ ይዞ ያዘገየዋል። በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በካይሮ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ለፈተና ተሠርተው ነበር፤ በጭቃ ጡብ የተሠራው ውስጡ ቀንና ሌሊት ከ2 ዲግሪ የበለጠ ሳይለዋወጥ ሲቆይ፤ በስስ የሲሚንቶ ገበታ የተሠራው እስከ 36 ዲግሪ ደርሶ ከውጭው አየር እንኳ በለጠ። እንግዲህ ርካሹ ጭቃ ከውዱ ሲሚንቶ ተሻለ ማለት ነው። ብቻ በአገራችን ቆላ ምስጥ ስላለ፤ የጭቃው ግድግዳ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም።

ሌሊቱም በማይቀዘቅዝበትና እርጥበት በበዛበት አገር፤ እንደ ጋምቤላ ባለው በባሮ ወንዝ ዳር፤ ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን ለሌሊት ያስተርፋል እንጂ አይጠቅምም። በዚያ ነፋስ ከጎን ወደ ጎን የሚያልፍበት፤ ወለሉም ከፍ ያለ ቀላል ቤት ይሻላል። የአፋር ሰዎች በታጠፈ እንጨት ላይ ሰሌን አልብሰው የሚሠሩት ቤት፤ ሰሌኑ በተገለጠ ጊዜ ነፋሱን ያስገባል፤ ይህንንም ያወቁት ከመሐንዲስ ተምረው አይደለም።

የሣር ክዳን ለሙቀት ከሁሉ ይበልጣል፤ ዳሩ ግን እሳት ይፈራዋል። ቆርቆሮ የክብር ምልክት ሆኖ ስለ ተቈጠረ እርሱን አትክደኑ ብንል የሚሰማን የለም፤ ስለዚህ ከሥሩ የሳንቃ ወይም የአቡጀዲድ ኮርኒስ ይደረግ፤ በሁለቱም መካከል የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በጉልላቱ አጠገብ ይተው። ከላይ ኖራ ቢቀባ ፀሐይን ይመልሳል፤ ነገር ግን ዝናብ ስለሚያጥበው ክረምት ባለፈ ቍጥር መታደስ አለበት።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ በከዚራ ሰፈር የሚሄድ ሰው ከቤቶቹ ይልቅ በመንገዱ ዳር የተተከሉት ዛፎች እንደሚያሳርፉት ያውቃል። እንዲሁ በቤቱ ምዕራብ በኩል ዛፍ ይተከል፤ ሥሩ መሠረቱን እንዳይነካ ግን ራቅ ይበል። ለችግኙ የሚፈሰው ውሃ ተኝቶ የወባ ትንኝ እንዳያፈራ ጕድጓዱ ይጠበቅ፤ መስኮቶቹም ወንፊት ሽቦ ይልበሱ። ዛፉ ጥላ ለመስጠት ዓመታት ስለሚፈልግ፤ መሠረቱ ሳይቆፈር በፊት በመጀመሪያው ክረምት ይተከል።