ካቴናን በቺንጋ መቀየር፦ ከመፍታት በፊት መለካት

የድሮ ሞተር ሳይክል ያለውን ሰው ካቴና ሥራ አያሳጣውም። ይላላል፣ ይወጠራል፤ ይደርቃል፣ ይቀባል፤ የተቀባውም ዘይት ተመልሶ ቸርኬውና ሱሪው ላይ ያርፋል። ጥርሳም የላስቲክ ቺንጋ ከዚህ ይገላግላል። ዘይት አይፈልግም፣ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ በትክክል ከተወጠረ በኋላ ብዙም አይነካም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሃርሊ ዴቪድሰኖች የኋላ ጎማቸውን የሚያዞሩት በቆዳ ቀበቶ ነበር። ቆዳው ሲርስ እየተንሸራተተ፣ ሲቆይም እየተለጠጠ ስላስቸገረ ካቴና ተካው። በ1980 እ.ኤ.አ. ሃርሊ ስተርጂስ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ግን ቺንጋው ተመለሰ፤ ያውም ጥርስ አውጥቶ፣ ከሞተር ወደ ካምቢዮም ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማም። ጉልበቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ የተጠመጠመው የማይለጠጥ ክር ነው። ክሩ አራሚድ ወይም ካርቦን ሊሆን ይችላል።

ለካቴና የተሠራን ሞተር ለመቀየር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው መፍቻ ሳይሆን ሜትርና ወረቀት ነው። ያማሃ ኤክስኤስ 650ን እንውሰድ። ፊት 17፣ ኋላ 34 ጥርስ አለው እንበል፤ በካቴናው ጥርስና ጥርስ መካከል ያለው ርቀት 15.875 ሚሊ ሜትር ነው። ሃርሊ ትልልቅ ሞተሮቹ ላይ የተጠቀመበት የ14 ሚሊ ሜትር ቺንጋ ባለ 32 ጥርስ ፑሌጃ ይዞ ቢመጣ፣ የፑሌጃው ስፋት (ዲያሜትሩ) 143 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነባሩ የፊት ጥርስ ግን 86 ብቻ ነው፤ ስለዚህ አይገባም። የ8 ሚሊ ሜትር ቺንጋ ስንወስድ ነገሩ ያምራል። 8 የ15.875 ግማሽ ማለት ይቻላልና የጥርሱን ቁጥር እጥፍ ማድረግ ይበቃል። 34 እና 68 ጥርስ ያላቸው ፑሌጃዎች ከነባሮቹ ጋር እኩል ስፋት አላቸው፤ የፍጥነቱ ምጣኔም አይለወጥም።

ችግሩ ወርዱ ላይ ነው። የካቴናው ጥርስ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ቺንጋው ግን እንደሚሸከመው ጉልበት 21 ወይም 36 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ፑሌጃው በአንድ በኩል የሞተሩን ክዳን፣ በሌላ በኩል ጎማውን ይገፋል። የድሮ ሞተሮች ጎማ ቀጭን መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ዕድል ነው።

ካቴና አንድ ዓይን ተቆርጦ ያጥራል። ቺንጋ ግን መጋጠሚያ የሌለው ክብ ስለሆነ ፋብሪካው በወሰነው ርዝመት ብቻ ይገዛል። ከላይ ባሉት ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት 600 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሚፈለገው ርዝመት 1611 ይሆናል። ገበያ ላይ የሚገኘው 1600 ነው፤ ስለዚህ የኋላው ጎማ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ወደፊት መሳብ አለበት። ያን ያህል መሳቢያ ከሌለ የፑሌጃው ጥርስ ይቀየራል፤ ሒሳቡም እንደገና ይጀመራል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላም አለ። የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ የሚታጠፍበት ቦታና የፊተኛው ፑሌጃ መሃል አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሞተሩ ጉድጓድ ሲመታ በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። ካቴና በላላው በኩል ልዩነቱን ይውጠዋል፤ የማይለጠጠው ቺንጋ ግን ወይ ከልክ በላይ ይወጠራል ወይ ጥርስ ይዘላል። ለዚህ ነው የኋላ ሞላ የሌላቸው ጥንታዊ ሞተሮች ለዚህ ሥራ የሚመቹት፤ የፑሌጃዎቻቸው ርቀት ፈጽሞ አይለወጥም። ሞላ ላላቸው ደግሞ እንቅስቃሴው አጭር ቢሆን ይሻላል።

ሲገጠም ቺንጋውን ማጠፍ ወይም በካቻቪቴ ጎትቶ ማስገባት አይፈቀድም። ክሩ በውስጥ ይሰበራል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ሰንብቶ መንገድ ላይ ይበጠሳል። ጠጠርም እንዲሁ፣ በቺንጋውና በፑሌጃው መካከል ከገባ ክሩን ይወጋል። በፒስታ መንገድ ለሚውል ሞተር እኔ ካቴናውን አልነካም፤ አስፋልት ላይ ለሚንሸራሸር ግን ልፋቱ ዋጋ አለው።