ጎጆ ሲወጣ ቮልሱ ምን ይሁን?

ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተረፈ ቮልስ በግቢው ያቆመ የደብረ ማርቆስ ወጣት ትዳር መሥርቶ ልጅ ሲጠብቅ፣ ስለ መኪናው አስተያየት የማይሰጥ ዘመድ የለም። አንዱ «ሽጠህ ለልጅህ አስቀምጥ» ይለዋል። ሌላው «እንዲህ ያለ ንብረት አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። የትኛው እንደሚያመዝን የሚታወቀው የመኪናው ዋጋ ከየት እንደሚመነጭ፣ መኪናው በደጋ አየር እንዴት እንደሚሠራና ሕፃን ሲሳፈርበት ምን እንደሚለወጥ ከታየ በኋላ ነው።

ቮልስ የምንለው የጀርመኑ ፎልክስቫገን ኩባንያ ያመረተው፣ ሞተሩ ከኋላ የተገጠመ ባለ ሁለት በር መኪና ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1938 እስከ 2003 ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቶ፣ የመጨረሻው ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ወጥቷል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ስለሆነ ራዲያተር የለውም። የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው። ካንዴላውንም ሆነ ቫልቮላውን ባለቤቱ ራሱ በጥቂት መፍቻ ሊደርስበት ይችላል። ከመጓጓዣነት አልፎ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ያደረገው ይህ ቀላልነቱ ነው። የትርፍ ጊዜ መኪና ማለት፣ ባጃጅና ሚኒባስ በርካሽ የሚያደርሱት ሰው እንኳ ለራሱ ለመኪናው ሲል የሚይዘው ማለት ነው።

በሌላው ዓለም የዚህ ጥያቄ ሒሳብ ቀላል ነው። ተራ መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ልጅ ሲመጣ ቶሎ የሸጠ ያተርፋል፣ ያቆየ ይከስራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሕግ አይሠራም። ምክንያቱ ግብር ነው። ከውጭ በሚገባ መኪና ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ የኤክሳይዝ ታክስ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ይታሰባል። እነዚህ ሲደማመሩ ተራ የቤት መኪና ከተገዛበት አገር ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኖ ገበያ ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው ያገለገሉ መኪኖች እንዳይገቡ ማድረግ ነበር፤ ቀድመው የገቡትን ግን ተወዳዳሪ አሳጣቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። አቅርቦቱ ተዘግቶ፣ የመተኪያው ዋጋ በእጥፍ ሲጨምር፣ በእጅ ያለ ማንኛውም የሚንቀሳቀስ መኪና ዋጋው ይወጣል። ቮልስም ከዚህ ውጭ አልሆነም።

«አይመለስም» የሚለው ዘመድ የሚተማመነው በዚህ ነው፤ እስከዚህ ድረስም ትክክል ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ይስታል። አንደኛ፣ የቮልሱ ዋጋ ሲወጣ ቤተሰቡ በምትኩ ሊገዛ የሚያስበው፣ እንደ ቪትዝ ያለ የቤት መኪናም አብሮ ይወጣል። ቪትዙ ከመጀመሪያው ውድ ስለነበር፣ ሁለቱ በእኩል መቶኛ ቢጨምሩ እንኳ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በብር ይሰፋል። ቮልሱን ይዞ መቆየት ወደ ቪትዝ አያቀርብም ማለት ነው። ሁለተኛው ነጥብ ዋጋና ጥሬ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው። ቮልስ የሚገዛው ቮልስ የሚወድ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ገዢ ደግሞ በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሆኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለመሸጥ የተገደደ ሰው የሚያገኘው፣ ሦስት ወር መጠበቅ የሚችለው ሻጭ ከሚያገኘው ያነሰ ይሆናል። ወሊድ የሚጠይቀው ወጪ ደግሞ ሦስት ወር አይጠብቅም።

የማንቀሳቀሻው ወጪ ከዋጋው በተለየ መንገድ ይሄዳል። መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ማንሳት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ አንድ ሊትር ቤንዚን በአዲስ አበባ 48 ብር ገደማ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ። ቮልስ ለ100 ኪሎ ሜትር ስምንት ወይም ዘጠኝ ሊትር ይፈልጋል። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው የአዲስ አበባ መንገድ 25 ሊትር ያህል መሆኑ ነው፤ ደርሶ መልሱ በዚያ ዋጋ እንኳ 5,000 ብር ይደርሳል። ለከተማ ውስጥ ሽርሽር ግን ወጪው አነስተኛ ነው። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ የዶላሩን መንገድ ይከተላል። የሦስተኛ ወገን መድንና የዓመት ምርመራው፣ ማለትም ቦሎው፣ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም አይቀሩም። ቆሞ የሚቀር መኪናም ያለ ወጪ አይቆምም፤ በጎጃም ክረምት ወለሉ ይዝጋል፣ የፍሬኑ ሲሊንደሮች ይያዛሉ፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ደርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ከገንዘቡ ይልቅ ብዙም የማይነሳው የከፍታ ጉዳይ ነው። ሰው ስለ መኪናው ሲመክር ስለ ዋጋው እንጂ ስለሚተነፍሰው አየር አያወራምና ይህን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይገባል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ኃይል የሚያገኘው ቤንዚንን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ፣ አየሩ በአንድ አራተኛ ሲሳሳ ኃይሉም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ባለ 1200ው ቮልስ በፋብሪካው ልኬት 34 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የሚቀርለት 26 ገደማ ነው። ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል፣ ቤንዚን የሚለካው በሚያልፈው የአየር ሩጫ እንጂ በአየሩ ክብደት አይደለም። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑ ድርሻ ከሚገባው በላይ ይሆናል፤ የተረፈው ቤንዚን በሙሉ አይቃጠልም። በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ የሚይዝ መርዛማ ጋዝ ነው።

ጋዙ በማርሚታው በኩል ከኋላ ቢወጣ ለተሳፋሪው ብዙም ባላሰጋ። ነገር ግን የቮልስ ማሞቂያ የሚሠራው፣ ማቀዝቀዣው የሚነፋውን አየር በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ አሳልፎ ወደ ተሳፋሪው ክፍል በመላክ ነው። በሙቁ አየርና በጭሱ መካከል ያለው የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ብረቱ ስድሳ ዓመት ሲሞላው ይዝጋል፤ ሲበሳ ጭሱ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይገባል። አዋቂ ሰው ራስ ምታት ተሰምቶት መስኮት ይከፍታል። ሕፃን በክብደቱ ልክ ሲታሰብ ከአዋቂ በላይ አየር ይስባል፤ የሚሰማውንም መናገር አይችልም። የደጋው አየር ኦክስጅኑ አስቀድሞ ያነሰ መሆኑ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በጠዋት ብርድ አራስ ይዞ የሚወጣ አባት በመጀመሪያ የሚከፍተው ደግሞ ይህንኑ ማሞቂያ ነው።

ካርቡሬተሩን ለደጋ ማስተካከል ይቻላል፤ የቤንዚን ቀዳዳውን ጠበብ ባለ መቀየር በቂ ነው። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በዓባይ በረሃ ያልፋል። ከደጀን በኩል ሲወርዱ ከ2,400 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ድልድይ ይደረሳል፤ ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን እንደገና መውጣት ነው። ለደጋ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቆላው ላይ ሲደርስ፣ አየሩ ስለሚወፍር፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከልክ በላይ ይግላል፤ የሚግለውም በሙሉ ጉልበቱ ሽቅብ በሚወጣበትና የሚያቀዘቅዘው አየር ራሱ በሚሞቅበት ቦታ ነው። ለመንገዱ የተስተካከለው ሞተር ከተማ ውስጥ ይጨሳል፤ ለከተማው የተስተካከለው በረሃው ላይ ከልክ በላይ ይግላል።

ቁልቁለቱ የፍሬን ፈተና ነው። አንድ ቶን የሚመዝን የተጫነ ቮልስ 1,400 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ አብዛኛውን ሞተሩ ይሸከመዋል፤ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን ሙቀቱ በሙሉ የፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። በአብዛኞቹ ቮልሶች ላይ ሸራው የሚሠራው በተዘጋ ታምቡር ውስጥ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይወጣም፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። ልምድ ያለው ባለ ቮልስ ይህን ያውቃል። ባለቤቱ ያማጠችበት ሰው በሌሊት ሪፈር ተጽፎላት ሲጣደፍ ግን እውቀቱን በተግባር ማዋል ይከብደዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዶችን በየጊዜው መዝጋቱም፣ የትኛውም የግል መኪና ለድንገተኛ ጉዞ መተማመኛ እንዳይሆን አድርጓል።

ስለ ሕፃኑ መቀመጫም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሕፃን መቀመጫ መኪናው ላይ የሚታሰረው በደህንነት ቀበቶ ነው፤ ብዙዎቹ የቆዩ ቮልሶች ከኋላ ቀበቶ የላቸውም። እናት ልጇን አቅፋ ብትቀመጥስ? በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢቆም፣ አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ያን ክብደት የትኛዋም እናት ልትይዘው አትችልም። ቀበቶ ማስገጠም ይቻላል፤ የሚታሰርበት ብረት ያልዛገ መሆኑን በብየዳ የተካነ ባለሙያ ማረጋገጥ ይኖርበታል። በተጨማሪ፣ የቮልስ ቤንዚን የሚቀመጠው ከፊት፣ ከተሳፋሪዎቹ እግር ፊት ለፊት ነው፤ ይህን የሚለውጥ ማስተካከያ የለም።

ከዚህ ሁሉ ሌላ መኪናው ጊዜም ይጠይቃል። ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ቫልቮላው ይስተካከላል፣ ሽቦው ይፈተሻል። ይህ ለላጤ የቅዳሜ ደስታ ነበር። ሕፃን ባለበት ቤት ግን አባት መኪናው ሥር የሚያሳልፈውን እያንዳንዱን ሰዓት እናት ትሸፍነዋለች። ወጪው በብር ስለማይታይ በቤተሰቡ ሒሳብ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል፤ እኔ ግን ከቤንዚኑ ይልቅ ትዳርን የሚፈትነው ይህኛው ይመስለኛል።

ሕጉም ድርሻ አለው። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ሆኖ ይቀጥላል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል፤ በዚህ ነጥብ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ቮልሱ ተሽጦ በትዳር ውስጥ ሌላ ነገር ሲገዛ ግን አዲሱ ንብረት፣ የግል መሆኑ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። መሸጥ የአንድ ሰው የነበረውን የሁለት ያደርጋል ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ የተነጋገሩበት ባልና ሚስት ብዙ ቅሬታ ይቀርላቸዋል።

በጎጃም ለውዴታ ተይዞ ቤተሰብ መሸከም የቻለ ነገር ከተፈለገ የአዊ ፈረስ አለ። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚጋልቡት ፈረስ፣ በሌላው ጊዜ ማሳ ያርሳል፣ ሰውና እህል ያጓጉዛል። ስለዚህ ልጆች ሲበዙ «ይሸጥ» የሚል ጥያቄ አይነሳበትም። የቮልስ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው መከራከሪያ ይህንኑ የሚመስል ነው፤ «ለቤተሰቡም ይጠቅማል» ይላል። ማስረጃው የሚቃወመው ይህን መከራከሪያ ነው። ፈረሱ የተፈጠረበትን አየር አይለውጥም፤ ቮልሱ ግን ለከተማ ሲስተካከል ለመንገድ አይሆንም፣ ለሁለት ሰው ሽርሽር የሚበቃው ለሕፃን አይበቃም።

ስለዚህ ማቆየት ስህተት አይደለም፤ ስህተቱ የትርፍ ጊዜውን መኪና የቤተሰብ መኪና ብሎ መሰየም ነው። ለወሊድና ለሕመም የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ለብቻው ከተቀመጠ፣ በሌሊት የሚጠራ ባለ መኪና አስቀድሞ ከታወቀ፣ የቅዳሜው ሰዓትም በባልና ሚስት ስምምነት ከተወሰነ፣ ቮልሱ በግቢው ቢቆይ አይጎዳም፤ ሕፃኑም ማሞቂያው ተነቅሎ፣ ቀበቶው ተገጥሞ፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ቢሳፈርበት ስጋቱ ይቀንሳል። ጥሬ ገንዘቡ የሌለውና ቮልሱን እንደ ተቀማጭ የቆጠረ ሰው ግን መሸጥ ያለበት አሁን፣ ገዢ ለመጠበቅ ወራት ሲቀሩት ነው።